የማይታዘዘው ኤይለሮን፦ ከቀለበት ክንፍ ሙከራ የተገኘ ገጠመኝ

ክንፉ እንደ ቀለበት ክብ የሆነው፣ ከርቀት የሚመራው ትንሽ የአውሮፕላን ሞዴል ከእጅ ከተለቀቀ ሁለት ሰከንድ አልሞላውም። አፍንጫውን ቀና አድርጎ ወጣ፤ ወዲያው በዘንጉ ዙሪያ ወደ ግራ መዞር ጀመረ። አብራሪው ወደ ቀኝ እንዲመለስ ኤይለሮኖቹን (አውሮፕላንን ወደ ጎን የሚያዘነብሉ ተንቀሳቃሽ የክንፍ ክፍሎች) እስከ መጨረሻው አጠፋቸው፤ ምንም ለውጥ የለም። የሚገርመው፣ ሞዴሉ ተገልብጦም አልወደቀም። በጀርባው ሆኖ መብረሩን ቀጠለ። አብራሪው ከፍታ እንዳያጣ ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን የሚያነሳና የሚያወርድ የጅራት ክፍል) ሳበ፤ ለተገለበጠ አውሮፕላን ግን ኤሌቬተር መሳብ ወደ መሬት መላክ ነው። ፕሮፔለሩ ተሰበረ፣ የሞተሩ መያዣ ተገነጠለ። ቀለበቱ ብቻ ተጨፍልቆ ሲያበቃ ተመልሶ ክብ ሆነ።

ክንፉ ከ3 ሚሊ ሜትር ፎም የተሠራ ቀለበት ነበር፤ ዲያሜትሩ 400 ሚሊ ሜትር፣ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለው ስፋት 130 ሚሊ ሜትር። በመሃሉ የካርቦን ቱቦ ያልፋል፤ ቱቦውንና ቀለበቱን አራት ባለ 2 ሚሊ ሜትር ድቡልቡል የካርቦን ዘንጎች ያያይዟቸዋል። ሞተር፣ ባትሪና ሦስት ሰርቮ (መቆጣጠሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሱ ትናንሽ ሞተሮች) ተጨምረው ጠቅላላ ክብደቱ 210 ግራም ነው። ኤይለሮኖቹ በቀለበቱ የግራና የቀኝ ጎን፣ ከኋላ ጠርዝ ላይ ተቆርጠው የተሠሩ ናቸው። በተራ ክንፍ ላይ ኤይለሮን የሚቀመጠው ጫፍና ጫፉ ላይ ስለሆነ ቦታው ለማንም ትክክል ይመስላል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ሰርቮው ነው። አቅጣጫው ተገልብጦ ይሆን? ሽቦው ወልቆ ይሆን? ሁሉም ደህና ነበር። ጠረጴዛ ላይ ኤይለሮኖቹ እስከ 20 ዲግሪ ያለምንም እንከን ይንቀሳቀሳሉ።

ነገሩን የፈታው አንድ ቀላል ሙከራ ነው። የካርቦኑ ቱቦ በሁለት ትናንሽ ኩሽኔታዎች ላይ በነፃነት እንዲዞር ተደረገና ከቬንትሌተር ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከቬንትሌተር የሚወጣ አየር እየተጠማዘዘ ስለሚመጣ፣ በመሃል የመጠጫ ስትሮዎች ጎን ለጎን የታጨቁበት ካርቶን ገባ፤ አየሩን ቀጥ ያደርገዋል። ከዚያ ኤይለሮኖቹ ሙሉ በሙሉ ተጣጠፉ። ቀለበቱ በጎን ተንቀጠቀጠ፣ ዘንጎቹ ትንሽ ለመጥ አሉ፤ መዞር ግን የለም። ቀጥሎ 40 በ60 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት የፎም ቁራጮች ከቀለበቱ ኋላ በቱቦው ግራና ቀኝ ተለጥፈው አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች 10 ዲግሪ አዘነበሉ። ቬንትሌተሩ እንደተከፈተ ሁሉ ነገር ይሽከረከር ጀመር።

ምክንያቱ የክብ ቅርጽ ጠባይ ነው። አየር ክንፍን የሚገፋው ለገጹ ቀጥ ብሎ ነው። በክብ ላይ ደግሞ ለገጹ ቀጥ ያለ ግፊት ሁሉ፣ ከየትም ቦታ ይነሳ፣ በመሃሉ ዘንግ በኩል ያልፋል። የብስክሌት ጎማን ከጠርዙ ወደ መሃሉ ቢጫኑት አይዞርም፤ እንዲዞር ጠርዙን ወደ ጎን መግፋት ያስፈልጋል። በቀለበት ላይ ያለ ኤይለሮንም እንዲሁ ወደ መሃል ወይም ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ አያዞርም። ኤይለሮኑን ማስፋትም ሆነ ማዕዘኑን መጨመር ዋጋ የለውም።

የዚሁ ጠባይ ሌላኛው ገጽታ የበለጠ አደገኛ ነው፤ ቀለበት መዞርን አይቃወምም። ተራ ክንፍ መዞር ሲጀምር የሚወርደው ጎኑ ተጨማሪ የማንሳት ኃይል እያገኘ ዙረቱን ያዘገየዋል። ቀለበት ይህ የለውም። ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ የሚዞር ፕሮፔለር የአውሮፕላኑን አካል ወደ ግራ ይጠመዝዛል፤ ያንን የሚያቆም ከሌለ ሞዴሉ ዝም ብሎ ይዞራል። የቀለበቱ የላይኛውና የታችኛው ክፍል እኩል ስለሆኑ ተገልብጦም ማንሳቱን አያቆምም፤ አብራሪውን ያታለለው ይህ ነው።

ትልልቆቹ አውሮፕላኖችም መቆጣጠሪያቸውን ቀለበቱ ውስጥ አልቀበሩም። እ.ኤ.አ. በ1959 በፈረንሳይ የተሞከረው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚነሳው የስኔክማ ኩባንያ አውሮፕላን ኮሌኦፕቴር በቀለበት ክንፉ ኋላ፣ ወደ ውጭ የወጡ አራት ተንቀሳቃሽ ክንፊቶች ነበሩት። እሱም ቢሆን በዚያው ዓመት ሐምሌ ከቁም ወደ አግድም በረራ ሲሸጋገር ከቁጥጥር ወጥቶ ተከሰከሰ፤ አብራሪው ተስፈንጥሮ ወጥቶ ተረፈ።

ጥገናው ሦስት ነገር ነበር። የቀለበቱ ኤይለሮኖች በቴፕ ተዘጉ። የጅራቱ አግድም ክንፍ ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኙ ለየብቻ በሰርቮ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ፤ አብረው ሲሄዱ ኤሌቬተር፣ ሲለያዩ ኤይለሮን ይሆናሉ። እንቅስቃሴያቸው ለመጀመሪያ በረራ 15 ዲግሪ ይበቃል። ሦስተኛው ባትሪውን ማውረድ ነው። 60 ግራም ባትሪ ከቀለበቱ መሃል 100 ሚሊ ሜትር ሲወርድ የ210 ግራሙ ሞዴል የክብደት ማዕከል 29 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ያኔ ሞዴሉ ወደ ጎን ሲንሸራተት የቀለበቱ የጎን ግፊት ከክብደት ማዕከሉ በላይ ስለሚያርፍ ቀና ያደርገዋል። ከዚህ በላይ ማውረድ ግን አይመከርም፤ የቀለበቱ የአየር መጎተት ከላይ ስለሚቀር ፍጥነት በጨመረ ቁጥር አፍንጫው ይነሳል።

የክብደት ማዕከሉ ከፊት ጠርዝ ከ26 እስከ 32 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከስፋቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ላይ ይሁን። ከዚያ ወደ ኋላ ካለፈ ሞዴሉ አፍንጫውን አንስቶ ይቆምና ይወድቃል። ቀለበቱ ከቱቦው አንጻር 2 ዲግሪ ቀና ይላል፤ በ130 ሚሊ ሜትር ስፋት ይህ የፊት ጠርዙን 4.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። የማንሳት ኃይል ሲሰላ ሙሉው ፎም አይቆጠርም፤ ጎኖቹ የሚሰጡት የጎን ግፊት ነው። የዙሪያውን ግማሽ በስፋቱ ማባዛት ትክክለኛውን ግምት ይሰጣል፦ 628 በ130፣ ወደ 816 ካሬ ሴንቲ ሜትር።

ቀለበቱን ሲሠሩ 1257 ሚሊ ሜትር ለዙሪያው፣ 15 ሚሊ ሜትር ለመደራረቢያ ይቆረጣል። ፎሙ ከመጣበቁ በፊት ወፍራም ቱቦ ላይ ደጋግሞ ቢጠቀለል አይሰነጠቅም። መጋጠሚያው ሁለቱም ጫፍ በ15 ሚሊ ሜትር ርዝመት እየሳሳ ተሞርዶ ይጣበቅ፤ ከጀርባው ቁራጭ ፎም መለጠፍ ግን ያንን ቦታ ጠፍጣፋ አድርጎ ክቡን ያበላሻል። ሲደርቅ ዲያሜትሩ በአራት አቅጣጫ ይለካ፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቀለበቱ እንቁላል መሰል ሆኗልና የዘንጎቹ ርዝመት ይስተካከል።

በሁለተኛው በረራ ሞተሩ በግማሽ ኃይል ብቻ ተከፍቶ ሞዴሉ ከእጅ ተለቀቀ። ወደ ግራ ትንሽ ዘመም አለ፤ ጅራቱ መለሰው። ዙሩን ጨርሶ ሣር ላይ ሲያርፍ የቀለበቱ ታች መሬት ስለሚነካ መጋጠሚያው በፋይበር ቴፕ እንዲጠናከር ተወሰነ።