ረሃብም ቦታ ይይዛል

ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ አይጥ እሆናለሁ። እህቴ በስልክ «ምን እየሠራህ ነው?» ስትለኝ ይህንኑ ነገርኳት። «እማዬ ጎተራዋ ሥር ስንት ወጥመድ እንዳጠመደች ረሳኸው? አሜሪካ ድረስ ሄደህ አይጥ ሆንክ?» ብላ ሳቀችብኝ። ላስረዳት ሞከርኩ። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል፤ አንዱ አጫዋች ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቻችን የየራሳችንን ገጸ ባሕርይ ይዘን «እንዲህ አደርጋለሁ» እንላለን፤ ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይወረወራል። «በቃ ተረት ተረት በሉኛ!» አለች። አልተሳሳተችም።

የምንጫወተው ማውስሪተር ይባላል፤ አይዛክ ዊሊያምስ የሚባል ሰው ሠርቶት በፈረንጆች 2020 ላይ የወጣ ነው። የምትሆናትን አይጥ አማርጠህ አትይዝም። ዳይሱ ያመጣልህን ትቀበላለህ፦ ኩሽና ለኩሽና ቃራሚ፣ ከወጥመድ ላይ ሰርቃ የምታመልጥ ሌባ፣ ከሰው ቤተ ሙከራ የወጣች ምስኪን። ለእኔ የደረሰችኝ የጢንዚዛ እረኛ ናት። ታማኝ ጢንዚዛ አላት፤ መሣሪያዋ መርፌ ነው። ጉልበቷ፣ ቅልጥፍናዋና ወኔዋ በቁጥር ይጻፋሉ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ወርውረህ የተሻሉትን ሁለቱን ትደምራለህ። ስለዚህ እጅግ የታደለችው አይጥ እንኳ ስትጀምር ከ12 አታልፍም። አደጋ ሲመጣ ደግሞ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ትወረውራለህ፤ ለመትረፍ ከቁጥርህ እኩል ወይም በታች መውጣት አለበት። ሒሳቡን የሚወድ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ ከሁሉ የበረታችው አይጥ በበረታችበት ነገር እንኳ ከአሥር አራቱን ጊዜ ትወድቃለች። ለዚህ ነው ብልህ ተጫዋች ዳይሱ እንዳይነሣ አጥብቆ የሚደክመው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዷ አይጥ አሥር ሣጥን ያለው ወረቀት አላት፤ ሁለቱ ለእጅ፣ ሁለቱ ለሰውነት፣ ስድስቱ ለጀርባ ቦርሳ። ዕቃው ሁሉ በመቀስ የተቆረጠ ካርድ ነው፤ ገመድ አገኘሁ ካልክ የገመዱን ካርድ ባዶ ሣጥን ላይ ታስቀምጣለህ። ሣጥን ከሌለህ ገመድ የለህም። እዚህ ድረስ ማንም ያስበዋል። ረሃብም ካርድ ነው! ፍርሃት ካርድ ነው፤ ድካምም ቁስልም ካርድ ናቸው፤ ሁሉም ሣጥን ይይዛሉ። የራባት አይጥ በቁጥሯ አልቀነሰችም፤ የምትይዘው ነገር ነው የቀነሰባት።

ባለፈው ቅዳሜ የመንደራችን የክረምት ስንቅ ስላለቀ አይብ ፍለጋ ሰው የተወው ወፍጮ ቤት ገባን። አይቡን አገኘን፤ ሣጥኖቻችንም ሞሉ። ከዚያ ዝናቡ በር ዘጋብን። የያዝናት ትንሽ ስንቅ ስታልቅ አጫዋቹ ምንም ሳይናገር በየፊታችን አንዳንድ የረሃብ ካርድ አኖረ። ወይ ለመንደሩ የያዝከውን አይብ ትበላለህ፣ ወይ ከያዝከው አንዱን ትጥላለህ። ከቡድናችን አንዷ ነርስ ናት፤ ምንም ሳታመነታ አይቧን በላችና «ተርቤ የማንንም ልጅ አላደርስም» አለች። አጠገቤ ያለው ልጅ ገመዱን ጣለ። እኔ ችቦዬን ጣልኩ። ችቦዋ እኮ ጥፍር የምታህል የወረቀት ቁራጭ ናት፤ ግን ከሣጥኑ ላይ ሳነሣት እጄ ከበዳት።

ድመቷ ስትመጣ ወደ መስኮቱ የምንወጣበት ገመድ የለም። መርፌ ይዞ ድመት ላይ መሮጥ እንደማይሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች የተባለው ለዚህ ነው። ነርሷ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ተደራደረች። እጅ ነሥታ፣ «እመቤቴ» እያለች፣ ከአይቡ ግማሹን ግብር አድርጋ አቅርባ አሳለፈችን። ወኔዋ 9 ነበር፤ ዳይሱ 7 ላይ ቆመ። ጠረጴዛው ተደባለቀ፤ ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ጮኽን።

ይህ ዓይነት ጨዋታ ዕድሜው ረጅም ነው። የዚህ ሁሉ አባት የሆነው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በፈረንጆች 1974 ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የትንንሾቹ እንስሳት ነገር የተነሣው፤ በ1976 ዴኒስ ሰስቴርና ስኮት ሮቢንሰን ተጫዋቹን ጥንቸል የሚያደርገውን በኒስ ኤንድ በሮውስን አወጡ። ሌላው ሁሉ ዘንዶ ገድሎ ወርቅ ሲቆጥር እነዚህ ከቀበሮ ማምለጥን ድል አደረጉት። (ለጥንቸሎች ኩንግ ፉ መሰል የትግል ሕግም ጽፈውላቸዋል፤ ያንን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።) በ2008 የወጣው የሉክ ክሬን ማውስ ጋርድም አለ፤ ከዴቪድ ፒተርሰን የሥዕል ታሪክ የተቀዳ ነው። እዚያ አይጥነትህ ራሱ በቁጥር ይለካል፤ መሸሽ፣ መደበቅ፣ መውጣትና መቃረም አይጥነት ናቸው። ቁጥሩ 7 ከደረሰ ገጸ ባሕርይህ ጓዶቿን ትታ ጫካ ትገባለች። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን አይጦቹ ካባ የለበሱ ወታደሮች ናቸው፤ ግዳጅና መሐላ ይበዛባቸዋል። እኔ የጢንዚዛ እረኛዬን አልለውጥም።

የሚቀጥለው ተራ የእኔ ነው፤ አጫዋች እሆናለሁ። ወፍጮ ቤቱን ትቼ ባሌ ልወስዳቸው አስቤያለሁ፤ ሰነቴ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ሌሊቱ ውርጭ የሆነበት አምባ። ተጫዋቾቹ ፍልፈል ይሆናሉ፤ በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች በቀር የሌለውን ትልቁን ፍልፈል ማለቴ ነው። ኑሮው ራሱ ጨዋታ ነው። ሣሩን ለመንጨት ብቅ ይላል፤ ገላው ግማሹ ከጉድጓዱ ሳይወጣ በዙሪያው ያለውን አጭዶ ይመለሳል። ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቧ እሱ ስለሆነ ጉድጓዱ አጠገብ ድንጋይ መስላ ትጠብቀዋለች። ከላይ ደግሞ ጭልፊቱ አለ። ከፍልፈሉ የማትርቅ ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ እሱ በቆፈረው አፈር ላይ ነፍሳት ትለቅማለች፤ አደጋ አይታ ስትጮህ ፍልፈሉ ጥልቅ ይላል።

ሕጉን ስጽፍ ሁለት ነገር አስቸገረኝ። ፍልፈል በአፉ ሣር ከመያዝ በቀር የሚሸከመው የለም፤ አሥሩን ሣጥን ምን ላድርገው? ወደ ሦስት ዝቅ አድርጌ ጉድጓዱን ራሱን እንደ ጎተራ ለመቁጠር እየሞከርኩ ነው። ሁለተኛው ነርሷ ናት። ሐሳቡን ገና ስነግራት «ወፏን ካልሆንኩ አልመጣም» አለች። ወፏ ትበራለች፤ ቀበሮዋ ብትመጣ ምኗም አይነካ። እሷ ፊት ምን ካርድ እንደማኖር እስከ ቅዳሜ ማሰብ አለብኝ።