ከበሩ አጠገብ የተሰቀሉ ካፖርቶች

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ሰው ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነበር። ቦታው በሰሜን እንግሊዝ፣ በምዕራብ ዮርክሻየር የሚገኝ፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን የሚኖሩበት አንድ መንከባከቢያ ቤት ነው። ደሴ ያለችው እናቴ በደወልኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ አላት፦ «አንቺ፣ እነዚህ ሰዎች ልጅ የላቸውም?» አላቸው እላታለሁ። «ታዲያ ምነው ለባዕድ ሰጧቸው?» መልሴ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። አገር ቤት አረጋዊ ነገር ሲጠፋበት «ጃጀ» ይባላል፤ ጃጀ ከተባለ በኋላ ምን ፈልጎ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም እንግሊዝ አገር ተቀምጬ ያንኑ ቃል በሌላ ቋንቋ ስናገር ኖርኩ። አዛውንቱ በር ሲደበድቡ በሽታው ነው፤ ሲጮኹ በሽታው ነው፤ ዝም ሲሉም በሽታው ነው።

በሽታው ነው ማለት ደግሞ ወደ ክኒን የሚያደርስ አቋራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮፌሰር ሱቤ ባነርጂ ለመንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት፣ በብሪታንያ 180,000 ያህል የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶችን እንደሚወስዱ፣ በዚህም የተነሣ በየዓመቱ 1,800 ያህል ተጨማሪ ሰዎች እንደሚሞቱ ገምተው ነበር። ይህን ያነበብኩት በትርፍ ጊዜዬ ሁለተኛ ዲግሪ ስማር ነው። በማግሥቱ ሥራ ገብቼ የመድኃኒቱን ጋሪ ስገፋ እንደ ወትሮው አልሆነልኝም።

የመመረቂያ ጥናቴን እዚያው በምሠራበት ቤት ለማካሄድ ወሰንኩ። አማካሪዬ አልከለከሉኝም፤ ነገር ግን በገዛ ቤትሽ ስታጠኚ የለመድሽውን ማየት ይሳንሻል፣ የሥራ ባልደረቦችሽም ይርቁሻል ብለው አስጠነቀቁኝ። ሁለቱም ደረሰብኝ።

መጀመሪያ የፈቃድ ነገር አለ። የራሱን ውሳኔ መስጠት የማይችል ሰው ስለሚሳተፍበት ጥናት፣ በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የአእምሮ ችሎታ ሕግ የሚያዘው ግልጽ ነው። ሰውየው መወሰን እንደማይችል እስካልተረጋገጠ ድረስ እንደሚችል ይቆጠራል። ካልቻለ፣ በቅርብ የሚያውቀው ሰው ይማከራል። እኔ ግን ቤተሰቦቹን ሳነጋግር «ይፈቅዳሉ?» እያልኩ ጀመርኩ። ስሕተት ነበር። የልጅ ሥራ መፍቀድ አይደለም፤ ወላጁ ጤነኛ ቢሆኑ ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር መናገር ነው። ጥያቄውን ሳስተካክለው መልሱም ተለወጠ። ቀደም ሲል እሺ ብላኝ የነበረች አንዲት ሴት ጥቂት አሰበችና፣ «አባቴ ሰው ሲታዘበው አይወድም ነበር፤ ይቅርበት» አለችኝ። እኔ አንድ ተሳታፊ አጣሁ። እሳቸው ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ቃላቸው ተሰማ።

የተጠቀምኩበት ዘዴ ዲሜንሺያ ኬር ማፒንግ ይባላል፤ የእንክብካቤ ካርታ ልበለው። በእኛው አካባቢ፣ በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ቶም ኪትዉድና ባልደረቦቻቸው የፈጠሩት ነው። ኪትዉድ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ታዛቢው ሳሎን ወይም ምግብ ቤት ጥግ ይቀመጥና ጥቂት ሰዎችን ለሰዓታት ይከታተላል። በየአምስት ደቂቃው ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ነገር ይጽፋል፦ ምን እያደረገ እንደነበር በአንድ ፊደል፣ ስሜቱና ተሳትፎው እንዴት እንደነበር ደግሞ ከአምስት እስከ አሉታዊ አምስት በሚደርስ ቁጥር። መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይገባም። የሚለካው ሠራተኛው ምን እንደሠራ ሳይሆን፣ ሰዓቱ በነዋሪው በኩል ሲታይ ምን እንደሚመስል ነው።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተጣርተው ያልተነሣሁባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ አሁን ተቀምጬ መጻፍ ሆነብኝ። አንዲት እናት «ሻይ፣ ሻይ» ሲሉ እርሳሴን ጥዬ ተነሣሁ። ታዛቢ የሚነሣው አደጋ ሲኖር ነው፤ ሻይ ደግሞ አደጋ አይደለም። ስመለስ ወረቀቴ ላይ ሦስት ባዶ ሳጥኖች ጠበቁኝ። ከዚህ የባሰው ስሕተቴ ሌላ ነው፤ ያየሁትን ሳይሆን የማውቀውን እጽፍ ነበር። ሰውየው ሁልጊዜ ደስተኛ ናቸው ብዬ ስለማምን ዝም ብለው ግድግዳ ሲያዩ እንኳን አዎንታዊ ቁጥር ሰጠኋቸው። አብራኝ የታዘበችው ልምድ ያላት መዝጋቢ ወረቀታችንን ስታስተያይ፣ በብዙ ሳጥኖች አልተስማማንም። የዚያን ቀን ሥራ ጣልኩትና እንደገና ጀመርኩ።

በስድስት ሰዓት ውስጥ ሰባ ሁለት የአምስት ደቂቃ ሳጥኖች አሉ። አንዲት አዛውንት ከሰባ ሁለቱ በአርባ አንዱ ዝም ብለው ተቀምጠው ሌላውን ከማየት በቀር ምንም አላደረጉም። ሰው ያነጋገራቸው በጥቂቶቹ ብቻ ነበር፤ በእነዚያም አብዛኛውን ጊዜ አነጋጋሪው በእጁ ማንኪያ፣ ክኒን ወይም ፎጣ ይዟል። ማለቴ፣ ማንም አልበደላቸውም። ንጹሕ ነበሩ፣ ጠግበው ነበር፣ ማንም አልጮኸባቸውም። ቁጥጥር ቢመጣ ቤቱ የሚመሰገንበት ቀን ነበር።

አሁን በር ወደሚደበድቡት አዛውንት ልምጣ። መረበሽን ለመለካት የኮኸን ማንስፊልድ መጠይቅ የሚባል አለ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓይነት ባሕርያትን ይዘረዝርና ባለፉት ሁለት ሳምንታት በየስንት ጊዜው እንደታዩ ሠራተኛውን ይጠይቃል። የቀን ፈረቃዋ ባልደረባዬ ስትሞላው አዛውንቱ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ የባሱ ሆኑ። ወረቀቱን ለሌሊት ተረኛው ብሰጠው ደግሞ «የምን በር? ሰውየው እንደ ሕፃን ነው የሚተኙት» አለኝ። መጀመሪያ አንደኛው ዋሽቷል ብዬ ተናደድኩ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። መጠይቁ ስንት ጊዜ እንጂ መቼ ብሎ አይጠይቅም።

መቼ የሚለውን የመለሰው ካርታው ነው። ጠዋት ሙሉ የአዛውንቱ ቁጥር አንድ፣ አንድ፣ ሦስት፣ አንድ እያለ ይሄዳል፤ ከዚያ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል በድንገት ይወድቃል። በአራት የተለያዩ ቀናት እንዲሁ ሆነ። ምሳው፣ መብራቱ፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሆን ብዬ ብዙ ተመራመርኩ። በአራተኛው ቀን ወረቀቱን ትቼ ዓይናቸው የሚያየውን አየሁ። ስምንት ሰዓት ፈረቃ የሚለወጥበት ነው። የጠዋቱ ሠራተኞች ካፖርታቸውን ከበሩ አጠገብ ካለው መስቀያ አንሥተው፣ እየለበሱ፣ እየተሰነባበቱ በፊታቸው ያልፋሉ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ፋብሪካ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራ አልቋል፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እሳቸው ላይ ብቻ በሩ ይዘጋል። እኔም ከእነዚያ ካፖርት ለባሾች አንዷ ነበርኩ፤ ስንት ዓመት «ደህና ዋሉ» ብያቸው በሩን ከኋላዬ ዘግቻለሁ።

መስቀያውን ወደ ኋላ፣ ከወጥ ቤቱ መተላለፊያ ወሰድነው። ሠራተኞች በጓሮ መውጣት ጀመሩ። ስምንት ሰዓት ሲቃረብ አንድ ሰው ከአዛውንቱ ጋር ካፖርት ለብሶ አትክልት ቦታውን ይዞራል፤ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በሩ ፈጽሞ አልተደበደበም አልልም። ነገር ግን ሲያስፈልግ ብቻ ይሰጣቸው ዘንድ ታዝዞ የነበረውን ማረጋጊያ ሐኪሙ ከሁለት ወር በኋላ ሰረዘው።

ሌላዋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ዮርክሻየር የመጡ የዩክሬን ሰው ናቸው፤ በብራድፎርድና በአካባቢው ብዙ ዩክሬናውያን ሰፍረዋል። እንግሊዝኛቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ መዝገባቸው ላይ «ያጉተመትማሉ» ተብሎ ተጽፏል። ቀኝ እጃቸው ከግንባራቸው ወደ ደረታቸው እየተንቀጠቀጠ ይመላለሳል፤ እኔም ትርጉም የሌለው ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ የሚለውን ፊደል ጻፍኩ። ከምሳ በፊት አንድ ቀን እጃቸው ከደረታቸው ወደ ቀኝ ትከሻ፣ ከዚያ ወደ ግራ ሲሄድ አየሁና ክው አልኩ። እያማተቡ ነው! እኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እነሱ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ ነው ያላወቅሁት። ጉተምታውን ያብራራችልኝ የፖላንዷ የጽዳት ሠራተኛችን ናት፤ ቋንቋዎቹ ይቀራረባሉ። «አቤቱ ማረን ነው የሚሉት፤ እኔ እኮ ሁልጊዜ እሰማቸዋለሁ» አለች። ታዲያ ለምን አልነገርሽንም ስላት፣ «ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። ወዲያው የጥናቴን ዕቅድ አሻሽዬ፣ የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው እስኪያጸድቀው ጠብቄ፣ የጽዳትና የወጥ ቤት ሠራተኞችን አካተትኩ። ከመጀመሪያው ላደርገው ይገባኝ ነበር።

ውጤቱን ለሠራተኛው ያቀረብኩበት ስብሰባ ግን ከሽፏል። አርባ አንዱን ሳጥን በቀይ ቀለም አስምሬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ከጋና የመጣች፣ በዕድሜም በሥራም ታላቄ የሆነች ባልደረባዬ ብድግ አለችና፣ «እዚህ ጋ፣ ከቀዩ መካከል፣ በተከታታይ አርባ ደቂቃ ማንም አላነጋገራቸውም ብለሽ ጽፈሻል። በዚያ አርባ ደቂቃ ሁለት ሆነን ሦስት ሰው ከአልጋ አንሥተን አልብሰናል። እሱን የት ጻፍሽው?» አለችኝ። የትም አልጻፍኩትም። ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት ብቻዬን በላሁ። በሚቀጥለው ዙር በወረቀቴ ጠርዝ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ በዚያ አምስት ደቂቃ ስንት ሠራተኛ ነበረ፣ የት ነበረ። ወረቀቱን አሰናድቼ መጀመሪያ ያሳየሁት ለእሷ ነው። ከዚያ በኋላ ኃላፊዋ የሰማችው ክርክር ስለ ሰነፍ ሠራተኛ ሳይሆን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስለሚጎድለው አንድ ሰው ሆነ።

ጥናቴ ትንሽ ነው፤ አንድ ቤት፣ ስምንት ሰዎች። ትልቁን ማየት ለሚፈልግ፣ ይኸው የእንክብካቤ ካርታ በእንግሊዝ በ50 ቤቶች፣ በ726 ነዋሪዎች ተሞክሮ ነበር። ከቤቶቹ በከፊሎቹ ሁለት ሁለት ሠራተኞች ሠለጠኑ። መረበሽን በመቀነስ ረገድ ካልሠለጠኑት ቤቶች ልዩነት አልታየም። ይህን ሳነብ ቅር አለኝ፤ ቀጥዬ ሳነብ ግን ሠራተኛ ከሠለጠነባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ከመጀመሪያው ዙር እንዳላለፉ አየሁ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ዌልድ የተባለው ሙከራ፣ በ69 ቤቶች 847 ሰዎችን ይዞ፣ ሠራተኞችን ለዘጠኝ ወር እያሠለጠነና እየደገፈ፣ መጠነኛ ቢሆንም በኑሮ ጥራትም በመረበሽም መሻሻል አሳይቷል። የእኔ ግምት፣ ግምት ብቻ ነው፣ ወረቀቱ የቱም ቢሆን ወረቀቱን የምትይዘው ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ከአልጋ የምታነሣው ሰው ከተሰጣት ካርታው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እኔ ራሴ የሠራሁት ፈቃድ ወስጄ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ያለ ክፍያ ነው። ይህን ማንም ሌላ ሰው እንዲያደርግ አልመክርም።

ዲግሪዬን ይዤ ሌላ ሥራ ገባሁ። ከስምንት ወር በኋላ ለጥየቃ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊዋ ተለውጣለች፤ ካወቅኋቸው ሠራተኞች የቀሩት አራት ናቸው። በዩክሬናዊቷ ክፍል በር ላይ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ወደ ሳሎኑ ስገባ ካፖርቶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመልሰው ከበሩ አጠገብ ተሰቅለዋል። አዲሱን ኃላፊ ለምን እንደመለሷቸው ጠየቅኋቸው። «ከወጥ ቤቱ ዘንድ መስቀያ አይቼ ገርሞኝ ነበር፤ ማን እዚያ እንደሰቀለው የሚያውቅ አላገኘሁም» አሉኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ለስምንት ሃያ ጉዳይ ነበር። አዛውንቱ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ካፖርቴን ሳላወልቅ ወደ እሳቸው ሄጄ፣ አትክልት ቦታውን እንዙር ወይ አልኳቸው።