ሶኬት ለመንቀል ስንት ነው?

መኪናው እኔ ጋ ሲደርስ ሁለቱም የፊት ኩሽኔታዎች ተቀይረዋል። አዳማ ውስጥ መኪና ካጉረመረመ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኩሽኔታ ነው።

ባለቤቱ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ የሚመላለስ ነጋዴ ነው። "ውስጡ ያጉረመርማል፣ ጆሮዬን ደፈነው" አለኝ። እንደቆመ ነዳጅ ሰጠሁት። ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር ሲደርስ እምምም! ጎማ ሳይዞር ደግሞ ኩሽኔታ አይጮህም። ወርጄ ሳዳምጥ ውጭ ምንም የለም። የኋላውን ውፈር፣ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር፣ ስነካው ግን ይንቀጠቀጣል።

"ቴፑ ጠፍቶ ስፒከር ይጮሃል እንዴ?" አሉ ኩሽኔታውን የቀየሩት ጎረቤቴ ጋሼ።

"ይጮሃል። የዚህ መኪና ጣሪያ ላይ ማይክ አለ። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር ያነባል። አራት ሲሊንደር በ1500 ዙር በሴኮንድ 50 ጊዜ ይተኩሳል። ኮምፒውተሩ እሱን የሚያክል ግን የተገለበጠ ድምፅ በስፒከሮቹ ይለቃል። ሞተሩ አየሩን ሲገፋ ስፒከሩ ይስበዋል፣ ጉርምርምታው ይጠፋል። የቀረውን ማይኩ እየሰማ ያስተካክላል። ቴፕ ተከፈተ አልተከፈተ ጉዳዩ አይደለም።"

"ታዲያ ምን ያስጮኸዋል?"

"ባለቤቱ ትልቅ ውፈርና አምፕሊፋየር አስገጥሞበታል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፋብሪካውን ስፒከር ነው። አሁን ድምፁ ዘግይቶና አይሎ ስለሚደርስ ማጥፋቱ ቀርቶ ይደመርበታል። ማይኩ ጩኸት ሲሰማ ደግሞ ኮምፒውተሩ ይብስ ይለቀዋል።"

ጋሼ ሳቁ። "ድምፅ በድምፅ ይጠፋል? የዘንድሮ ልጆች!"

"እርስዎ ሳይወለዱ የታሰበ ነው። ፓውል ሉግ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት አውጥቶበታል።"

"እሱም ኩሽኔታ አያውቅም ነበር" ብለው ሄዱ። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

የማይኩን ሶኬት ነቀልኩ። ጸጥ። ሒሳብ ስነግረው ነጋዴው ዓይኑ ፈጠጠ። "ወንድሜ፣ አንድ ሶኬት ለመንቀል?" ለማይጮህ ኩሽኔታ ሳይከራከር የከፈለ ሰው ነው እንግዲህ። የቱ ሶኬት እንደሚነቀል ለማወቅ ነው ብል ማን ይሰማኛል። ግማሹን ሰጥቶኝ ሄደ።

ቆይቶ ተመለሰ። "አሁን ደግሞ የሞተሩ ድምፅ ጨመረ።" አልጨመረም፤ ድሮም እንደዚያ ነበር፣ የሚሸፍንለት ነገር ነው የጠፋው። ውፈሩን አውጥተን ሶኬቱን እንመልሰው አልኩት። ውፈሩማ አይነካም አለ።

ማርሚታው እንዲታይለት ጋሼ ጋ ወሰደው።