አሸዋው የማን ነው?

ሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ ማሽን) የያዘ ሀበሻ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚለው ነገር አንድ ነው፣ "ጣልያን የቀበረውን ወርቅ ልታወጣ ነው?" ጋሼ (የባለቤቴ አጎት ናቸው) ጭራሽ በቁም ነገር ነው የጠየቁኝ፣ "አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር ደሞ ማን ቀብሮልህ ነው?" አሉኝ። የተቀበረ አይደለም የምፈልገው የወደቀ ነው ብዬ ባስረዳቸውም አልገባቸውም። ነገሩ እኮ ቀላል ነው፣ ሰው ሰንስክሪን ተቀብቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ጣት ይኮማተራል፣ ቀለበት ሹልክ ይላል። ሌላው ፎጣው ላይ ሲገላበጥ ከኪሱ ሳንቲም ይረግፋል። እኔ ብርዱ ገብቶ ባሕር ዳሩ ባዶ ሲሆን ሄጄ ያንን እለቅማለሁ፣ በቃ ይሄው ነው።

ግን ማሽኑን ከገዛሁ ጀምሮ ጊዜዬን የበላው ፍለጋው ሳይሆን ደንቡ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው (ሜሪላንድ፣ ዋሺንግተን ዲሲ አጠገብ)፣ እና መጀመሪያ ያሰብኩት ያው ቅርብ ያለውን ነበር፣ ሮክ ክሪክ፣ ፖቶማክ ዳር ያሉት ሳሮች፣ ሀበሻው በግ አርዶ ባርቢኪው የሚጠብስባቸው ቦታዎች ምናምን። አይሆንም። ዲሲ ውስጥ አብዛኛው ፓርክ የከተማው ሳይሆን የፌዴራል ነው፣ ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ነው የያዘው፣ እና የነሱ ደንብ መጠቀምን ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትንም ይከለክላል። ማሽኑ ተፈታቶ እንዳይሰራ ሆኖ ታሽጎ ከተቀመጠ ነው ምንም የማይሉህ። ቅጣቱ እስከ 6 ወር እስርና እስከ 5,000 ዶላር ይደርሳል። ለአንዲት ዝገት ለበላት ኳርተር (25 ሳንቲም) ብለህ አስበው።

ባሕር ዳር ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ አሸዋው አንድ ይመስላል ባለቤቱ ግን በየማይሉ ይቀያየራል። አሳቲግ ደሴትን ለሚያውቅ፣ እነዚያ ያልተገሩ ፈረሶች ያሉባት፣ ርዝመቷ 37 ማይል ገደማ ነው፣ እና ሦስት ባለቤት አላት። ትልቁ ክፍል ከ1965 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ናሽናል ሲሾር ነው፣ እንደ ናሽናል ፓርክ የሚጠበቅ ባሕር ዳር፣ ፌዴራል። መሀል ላይ ሁለት ማይል የሚሆን የሜሪላንድ ስቴት ፓርክ አለ። ቨርጂኒያ በኩል ያለው ደግሞ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው፣ እሱም ፌዴራል ሆኖ በሌላ መሥሪያ ቤት ሥር፣ በሌላ ደንብ። አንዱን ጨርሰህ ሌላው ውስጥ ስትገባ አሸዋው ቀለሙን አይቀይርም፣ ማዕበሉም ያው ነው፣ አንተ ግን አንዱ ጋ ፈቃድ ጠያቂ ነህ ሌላው ጋ ወንጀለኛ።

ባለፈው ከቤተሰብ ጋር ፈረሶቹን ልናይ ወደዚያ ስንሄድ ማሽኑ መኪና ውስጥ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ኦሽን ሲቲ (እዚያው አጠገብ ያለች የባሕር ዳር ከተማ) ጎራ ልል ስላሰብኩ። ወደ ደሴቷ የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ከመድረሴ በፊት ጋዝ ስቴሽን ገብቼ አቆምኩ። ኮይሉን (ከታች ያለውን ክብ ሳህን) ፈታሁ፣ ገመዱን ከዘንጉ ላይ ጠቅልዬ አወጣሁ፣ ዘንጉን ለሦስት ነቀልኩት፣ ሁሉንም ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ዚፑን ዘጋሁና የልጁ ጋሪ ሥር አስገባሁት። ባለቤቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "ምን፣ ክላሽ ነው እንዴ የምታሳልፈው?" አለችኝ። መግቢያው ላይ ለሬንጀሯ (ለፓርኩ ጠባቂ) ራሴ ነገርኳት፣ ማሽን አለኝ፣ ተፈትቶ ተዘግቶ ነው ያለው አልኳት። ጎበዝ አለችኝና አሳለፈችኝ፣ ፈተና ያለፍኩ ነው የመሰለኝ።

ለምን ይሄን ያህል እንደሚያጠብቁ ቤት ገብቼ ሳነብ ነው የገባኝ። ከዚያች ደሴት ፊት ለፊት የሰመጠው መርከብ ብዙ ነው። ላ ጋልጋ የምትባል የስፔን የጦር መርከብ በ1750 ሰመጠች፣ ፈረሶቹ ከሷ ዋኝተው የወጡ ናቸው የሚባል ተረትም አለ። በ1988 የወጣ የፌዴራል ሕግ የተተዉ መርከቦችን ለስቴቶቹ ይሰጣል፣ እና ቨርጂኒያ የኛ ናት አለች፣ አንድ ፈላጊ ኩባንያም ፈቃድ አውጥቶ ገባ። ስፔን መጣችና እኔ መቼ ተውኩ ብላ ተከራከረች፣ በ2000 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለስፔን ፈረደ። 250 ዓመት ባሕር ሥር ተኝቶ ባለቤት ያለው ነገር! እኛ ሰፈር አጥር የዘለለ በግ በማግስቱ ባለቤት ይቀይራል። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቆይቼ ሳስበው ግን ደስ አለኝ፣ ዕቃ ስለጠፋ ብቻ የማንም አይሆንም ማለት ነው እኮ።

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከጎንደር ደውሎ አንድ ማሽን ላክልኝ አለኝ። ለምን ስለው ያው ጣልያን። ካርታ ያለው ሰው አግኝቻለሁ ይላል። አንደኛ ካርታውን የሸጠልህ ሰው ወርቅ እንዳለ ቢያምን ኖሮ ካርታውን አይሸጥልህም አልኩት፣ ሁለተኛ እዚያም ሕግ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት ይላል። ተናደደብኝ። አሜሪካ ሄደህ ፈረንጅ ሆንክ አለኝ።

እኔ ግን ደንቡን የማጠናው ፈረንጅ ሆኜ አይደለም። ሌላው ማሽን የያዘ ሰው እዚህ ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጣ ነጭ ሽማግሌ ነው፣ ሰው እያየው ፈገግ ይላል፣ ሰላም ይለዋል። እኔ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ጥቁር፣ ጆሮዬ ላይ ሄድፎን፣ እጄ ላይ አካፋ፣ የሀብታም ቤቶች ፊት ለፊት። ሰው እንዴት እንደሚያየኝ አውቃለሁ፣ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ስለዚህ ለኔ ስልኬ ላይ ያለችው ኢሜል ከማሽኑ ትበልጣለች። እዚህ ቦታ፣ ከዚህ እስከዚህ፣ በዚህ ሰዓት ይፈቀዳል የሚል፣ ከቢሮው የተጻፈ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ከውሻው ጋር መጥቶ ይሄ ክልክል ነው ሲለኝ ምንም አልተከራከርኩም፣ ኢሜሉን አሳየሁት፣ አነበበ፣ ውሻውን ጎትቶ ሄደ።

ኢሜል የምለው በምክንያት ነው። ስልክ አያስተማምንም። የአንዲት ትንሽ ከተማ ፓርክ ቢሮ (ስሟን አልጠራም) ስደውል አንዷ ይቻላል አለችኝ፣ ለማረጋገጥ ከሰዓት ስደውል ሌላው ኧረ በፍጹም አለኝ፣ ቢቹ ላይ ያለው ሰሌዳ ደግሞ ስለ ውሻ፣ ስለ ቢራ፣ ስለ ጄት ስኪ ዘርዝሮ ስለ ማሽን አንድም ቃል የለውም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ክልክል ከሆነ ክልክል ነው በሉ፣ ሰው አክብሮ ይመለሳል። አሁን የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ይፈቀዳል ወይ ሳይሆን መሬቱ የማን ነው፣ የከተማ ነው፣ የካውንቲ ነው፣ የስቴት ነው ወይስ የፌዴራል። ያንን ካወቅክ ግማሹ መልስ መጥቷል።

ለኔ እስካሁን በጣም የተመቸኝ ዴላዌር ነው። የስቴት ፓርኮቻቸው ውቅያኖስ ዳር ላይ ይፈቅዳሉ፣ ከአሸዋ ኮረብታዎቹ ወደ ባሕሩ በኩል ብቻ። ኮረብታዎቹ ላይ አትወጣም፣ በዚህ ደሞ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ ያ የምታዩት ሳር ሥሩ ነው አሸዋውን የያዘው፣ አሸዋው ደግሞ ባሕሩን ከመንገዱ ይከላከላል፣ አንድ ሰው ለአንድ ሳንቲም ብሎ ቢቆፍረው ንፋሱ የቀረውን ይጨርሰዋል። ኢንዲያን ሪቨር ኢንሌት አካባቢ ኮይን ቢች የሚሉት ቦታ አለ፣ በ1785 ፌይዝፉል ስቱዋርድ የምትባል መርከብ ከአየርላንድ ሰው ጭና ስትመጣ እዚያ ሰመጠች፣ ከ240 በላይ ሰው ነበረባት፣ የተረፉት 68 ናቸው ይባላል። የጫነችው የመዳብ ሳንቲም ከማዕበል በኋላ እስከ ዛሬ አንዳንዴ ዳር ላይ ይወጣል። እኔ አንድም አላገኘሁም። ያ ሁሉ ሰው፣ ብዙዎቹ እንደኛ አገር ሊቀይሩ የመጡ፣ ለመውረድ ያን ያህል ቀርቧቸው... አንዳንዴ እዚያ ስሆን ሄድፎኑን አወልቃለሁ።

ያገኘሁት ምንድን ነው ለሚል፣ በብዛት የቆርቆሮ ቢራ መክፈቻ ነው፣ የዱሮዋ ቀለበት ያላት። ችግሩ ቀጭን የወርቅ ቀለበትና ያቺ መክፈቻ ማሽኑ ላይ የሚያሳዩት ቁጥር ተመሳሳይ ነው፣ ስለዚህ ወርቅ ከፈለግክ ቆሻሻውን በሙሉ ታወጣለህ። እርጥብ አሸዋ ላይ ደግሞ ጨዉ ራሱ ማሽኑን ያስጮኸዋል፣ ርካሽ ማሽን እዚያ ያብዳል። ዛሬ አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ሰምቼ ቆፈርኩ፣ ጉድጓዱ ውሃ እየሞላ ዳሩ እየተናደ፣ በወንፊቷ አካፋ እያወጣሁ ሳጥብ የዓሣ አጥማጅ እርሳስ (መንጠቆውን የሚያሰምጠው ብረት)፣ ከነክሩ። ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩት፣ ጉድጓዱን በእግሬ ደፍኜ ረገጥኩት። ይሄን ማንም ሳይነግርህ ማድረግ ያለብህ ነው፣ ጠዋት የሚሮጥ ሰው እግሩን እዚያ ውስጥ ቢሰብር በሚቀጥለው ዓመት ሁላችንም ነን የምንከለከለው።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሰሜን ምሥራቅ ኃይለኛ ንፋስ ይመጣል እያሉ ነው፣ እንዲህ ያለው ንፋስ የላዩን አሸዋ ጠርጎ ስለሚወስድ ከሥር ያለው ከባድ ከባዱ ይገለጣል፣ ስለዚህ ካለፈ በኋላ ባሕሩ ሲሸሽ ዴላዌር መሆን አለብኝ። ባለቤቴ አብሬህ እመጣለሁ ብላለች፣ ለማሽኑ ሳይሆን ሪሆቦት ላሉት አውትሌቶች (የቅናሽ ሱቆች)፣ ዴላዌር ሴልስ ታክስ (የሽያጭ ግብር) ስለሌለ። ቤንዚኑና መንገዳችን ላይ ያለው የቤይ ብሪጅ ድልድይ ቶል (የማለፊያ ክፍያ) በኔ ነው፣ ቶሉ እንኳ ስትሄድ ብቻ ነው የሚከፈለው። እሷ ምን ያህል እንደምታወጣ ግን አልጠየቅኩም።