ሌሊቱን የሚለካው ቅጠል
ዛሬ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብዬ በገብስ ማሳ ዳር ስሄድ አደይ አበባ ልትፈነዳ ደርሳለች። አንዷን ጎንበስ ብዬ አየኋት፤ እንቡጧ ጫፍ ላይ ብቻ ቢጫው ብቅ ብሏል። መስከረም መጥባቱን ማን ነገራት?

ብዙ ዕፅዋት ወቅቱን የሚለዩት በሌሊቱ ርዝመት ነው። የሚገርመው ደግሞ ልኬቱ የቅጠሉ ሥራ መሆኑ! ቅጠሉ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ብርሃን የሚለይ ፕሮቲን አለ፤ ጊዜው ሲደርስ ቅጠሉ ፍሎሪጅን የተባለውን መልእክተኛ ሠርቶ ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ይልካል፣ ያኔ ጫፉ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ አበባ ይጀምራል። አንዳንድ የስንዴ ዓይነት ደግሞ መጀመሪያ ብርድ ካልቀመሰ በጊዜው አያሸትም።

እኛ አገር የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለእኛ ምንም አይደለም፣ የግማሽ ሰዓት ለውጥ እንኳ የማያመልጣቸው የሐሩር አካባቢ ዕፅዋት ግን አሉ።