አምባሰል የእኔ ነው ካለ ድርጅት ጋር በዩቲዩብ እንዴት እንደተከራከርኩ

በደሴና በዙሪያዋ የሚገኙ አዝማሪዎችን ጨዋታ እየቀረጽኩ ዩቲዩብ ላይ እጭናለሁ። በተቀራራቢ ጊዜ በሁለት ቪዲዮዎቼ ላይ የቅጂ መብት ይገባኛል ጥያቄ፣ በተለምዶ ክሌም የምንለው፣ መጣብኝ። አንደኛው ከታተመ የሰው ሥራ ቆርጬ ያስገባሁበት ቪዲዮ ሲሆን ያለ ብዙ ድካም ነፃ ወጣ፤ ሁለተኛው ግን ከምስሉ እስከ ድምፁ ራሴ የቀረጽኩት ሆኖ ሳለ ስትራይክ እስኪገባብኝ ድረስ አበሳዬን አሳየኝ። መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ አሁንም ይቆጨኛል፤ ይህን መጻፌም ማሲንቆም ሆነ መንዙማ እየቀረጸ የሚጭን ሌላ ሰው ሳያውቀው እንዳይገባበት ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ክሌምና ስትራይክ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ክሌም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከሚጠቀምበት ኮንቴንት አይዲ ከተባለው ሥርዓት ነው። ባለመብት ነኝ የሚል ድርጅት ሥራውን ለማመሳከሪያ ያስገባል፤ ሥርዓቱ የሚጫነውን ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ጋር ያስተያያል፤ የሚመሳሰል ነገር ሲገኝም ድርጅቱ አስቀድሞ በመረጠው መሠረት ቪዲዮው ይታገዳል፣ ወይም ማስታወቂያ ይለቀቅበትና ገቢው ወደ ድርጅቱ ይሄዳል፣ ወይም የተመልካቹ ቁጥር ብቻ ይታያል። ስትራይክ የሚገባው ግን ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ዲጂታል ሚሌኒየም ኮፒራይት አክት በተባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ቪዲዮው እንዲወርድ በይፋ ሲጠይቅ ነው። በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት ስትራይክ የገባበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ክሌም በመጣ ቁጥር መደንገጥ አያስፈልግም፤ በክሌም የሚሄደው ገቢ ነው፣ በስትራይክ የሚሄደው ግን ቻናሉ ራሱ ነው።

ቀላሉን በአጭሩ ልጨርሰው። ቪዲዮው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች እንዴት እንደሚለያዩ የማስረዳበት ነበር። ልዩነቱን ለጆሮ ለማሳየት ከአንድ የታተመ ዘፈን አጫጭር ቁርጥራጮችን አስገብቼ፣ በእያንዳንዱ መካከል እያቆምኩ የየቅኝቱን አምስት ድምፆች በክራር እየለየሁ አሳይቻለሁ። ክሌሙ ሲመጣ ፌር ዩዝ የሚለውን፣ ማለትም የሰውን ሥራ ያለ ፈቃድ ግን ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ተጠቅሜበታለሁ የሚለውን፣ ምክንያት መረጥኩና የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በአንቀጽ 107 የሚዘረዝራቸውን አራት መመዘኛዎች አንድ በአንድ መለስኩ፦ የተጠቀምኩት ለማስተማርና ለመተንተን መሆኑን፣ የተወሰደበት ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የወሰድኩት ከሙሉው ዘፈን ምን ያህሉ እንደሆነና ሰው የእኔን ቪዲዮ በማየቱ ዘፈኑን መግዛት የማይተው መሆኑን። ድርጅቱ መልስ ለመስጠት የተሰጠው 30 ቀን ያለ ምላሽ ስላለፈ ክሌሙ በራሱ ወደቀ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ነፃ ነው የሚባለው ወሬ በየትኛውም ሕግ ውስጥ የለም፤ ከቪዲዮው ሥር የቅጂ መብት የመጣስ ሐሳብ የለኝም ብሎ መጻፍም ሆነ የዘፋኙን ስም ጠቅሶ ማመስገን ለክርክሩ የሚጨምረው ነገር የለም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2015 በሳን ፍራንሲስኮ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሕፃን ልጇ በዘፈን ሲወዛወዝ የሚያሳየው ቪዲዮ በወረደባት እናት ጉዳይ፣ ባለመብቱ የማውረድ ጥያቄ ከመላኩ በፊት ፌር ዩዝ መሆን አለመሆኑን ማጤን እንዳለበት ወስኗል። የእኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለጥቅስና ለማስተማር የሚሆን ቦታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚሄደው በአሜሪካ ሕግ ስለሆነ አዋጁን በቅጹ ላይ መጥቀስ ብዙም ውሃ አያነሳም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቪዲዮ ልምጣ። ውጫሌ አካባቢ በሚኖሩ አንድ አዛውንት ማሲንቆ ተጫዋች ግቢ ውስጥ የተቀረጸ የአምባሰል ጨዋታ ነው። ከመቅረጼ በፊት ፈቃዳቸውን በጽሑፍ አድርጌ በሁለት ምስክር ፊት አስፈርሜያለሁ፤ በአዋጁ ከዋኙም የራሱ መብት ስላለው ይህን ሳያደርግ ካሜራ የሚያነሳ ሰው በኋላ ሌላውን ለመውቀስ አፍ የለውም። ቪዲዮው ተጭኖ ጥቂት እንደቆየ አገር ውስጥ የሌለ አንድ የሙዚቃ አከፋፋይ ድርጅት ክሌም ላከበት። ለእሳቸው ስነግራቸው ማሲንቆውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስደገፉ ዝም ብለው ሰምተውኝ፣ «ልጄ፣ ዜማውን ብቻ ነው ወይስ ተራራውንም ጨምረው ነው የገዙት?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ክሌም ሲመጣ በዝርዝሩ ውስጥ የተጠየቀው የድምፅ ቅጂው ይሁን ዜማው ተጽፏል። የድምፅ ቅጂው ከሆነ ራሴ ነኝ የቀረጽኩት ማለት በቂ መልስ ነው። ዜማው ከሆነ ግን አይበቃም፤ የሰው ድርሰት በራስ ማሲንቆ ቢጫወቱትም ድርሰቱ የሰው ነውና። የእኔ ክሌም የመጣው በዜማው ስም ስለነበር፣ ቀረጻው የእኔ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ዜማው ደራሲው የማይታወቅ፣ ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ የመጣ የሕዝብ ሀብት መሆኑንም ጻፍኩ። ድርጅቱ በአምባሰል ቅኝት የተሠራ አንድ የታተመ ዘፈን ወክሎ ይሆናል፤ ያ ግን የዚያን ዘፈን ግጥምና ቅንብር እንጂ ቅኝቱንና ነባሩን ዜማ የግሉ አያደርግለትም። እንዲህ ባለ ቪዲዮ ላይ ፌር ዩዝ የሚለውን እንዳትመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ፌር ዩዝ ማለት የሰው ነው ግን በሕግ በተፈቀደ መንገድ ተጠቅሜበታለሁ ማለት ስለሆነ፣ የራሱን ነገር በፌር ዩዝ የሚከላከል ሰው ባለቤትነቱን በገዛ እጁ አስረክቦ ነው ክርክሩን የሚጀምረው።

ድርጅቱ 30 ቀኑ ሊያልቅ ሲል ክሌሙን አጽንቻለሁ ብሎ መለሰ። ምክንያት የለም፣ ማብራሪያ የለም፣ ያነበበው ሰው ስም የለም። ከዚህ በኋላ ያለው ይግባኝ ነው፤ ለይግባኙ ድርጅቱ 7 ቀን ብቻ ይሰጠዋል። የይግባኙን ጽሑፍ የደከምኩበትን ያህል ለዩኒቨርሲቲ መመረቂያዬም አልደከምኩም። በአራተኛው ደቂቃ ላይ ተጫዋቹ ድንገት አቁመው የደጋኑን ጭራ በዕጣን እንደሚያሹ፣ ደጋግማ የምትገባባቸውን ዶሮ «ሂጂ ወዲያ!» እንደሚሏት፣ ከዚያም ካቆሙበት ሳይሆን ከመጀመሪያው እንደሚጀምሩ ደቂቃና ሰከንዱን እየጠቀስኩ ጻፍኩ፤ ይህ ቀረጻ ከማንም የታተመ ካሴት ሊገለበጥ እንደማይችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አልነበረኝም። ድርጅቱ የመለሰው ግን ቪዲዮው እንዲወርድ ቀጠሮ በመያዝ ነው። የዚህ አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ማውረዱ ለ7 ቀን ይዘገያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይግባኙን ከሰረዝክ ክሌሙ ይጸናል፣ ስትራይክ ግን አይገባብህም፤ ካልሰረዝክ ቪዲዮው ይወርዳል፣ ስትራይኩም ይገባል። ሰው ፈርቶ እጅ እንዲሰጥ የተመቸ ሳምንት ነው።

ያንን ሳምንት ያቃጠልኩት በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ደጅ በመጥናት ነው። የፈለግኩት ዜማው የሕዝብ መሆኑን የሚገልጽ ባለማኅተም ደብዳቤ ነበር። ኃላፊው «ለዩቲዩብ የሚጻፍ ደብዳቤ በመመሪያችን የለም» አሉኝ። ለማን እንደሚሄድ ሳይጠቅሱ ለሚመለከተው ሁሉ ብለው እንዲጽፉልኝ ብለምናቸው «ወንድሜ፣ ለሚመለከተው ሁሉ ብለን ጽፈን ነገ ሁሉም ሲመጣብን ማን ሊጠየቅልን ነው?» ብለው ወደ ሌላ ክፍል መሩኝ፤ ያኛው ክፍልም መልሶ ወደ እሳቸው መራኝ። ከወንበራቸው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፖስተር ባቲንና አምባሰልን የወሎ ቅርስ እያለ ይኩራራ ነበር። በግድግዳቸው ላይ በትልቁ የለጠፉትን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ መድገም ያስፈራቸው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ይበልጥ የሚያናድደው ግን ደብዳቤው ቢገኝም አይረባኝም ነበር፤ የክርክሩም ሆነ የይግባኙ ቅጽ የሚቀበለው ጽሑፍ ብቻ እንጂ ሰነድ ማያያዣ የለውም። ስለዚህ ማኅተም ፍለጋ ጊዜያችሁን አታባክኑ፤ የሚጠቅማችሁ ራሳችሁ የምትጽፉት አጭርና ግልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው።

ይግባኙን አልሰረዝኩም። ቪዲዮው ወረደ፣ ስትራይኩም ገባ። ኮፒራይት ስኩል የሚባለውን አጭር ትምህርት መውሰድ ግዴታ ስለነበር ወስጄ ጨረስኩ። ከዚያ የቀረኝ የመጨረሻው በር የአጸፋ ማስታወቂያ፣ ካውንተር ኖቲፊኬሽን የሚሉት፣ ብቻ ነበር።

ይህን ቅጽ ማንም በችኮላ እንዳይሞላው። የቻናል ስም ሳይሆን ሙሉ ሕጋዊ ስም፣ የመኖሪያ አድራሻና ስልክ ይጠይቃል፤ የሞላኸው ሁሉ ለከሳሹ ይላካል። ቪዲዮው የወረደው በስህተት መሆኑን በሐሰት ብትናገር እንደምትቀጣ አውቀህ ታረጋግጣለህ። ከአሜሪካ ውጭ የምትኖር ከሆነም ዩቲዩብ በሚገኝበት አካባቢ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ማለትም በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ለመዳኘት መስማማትህን ትፈርማለህ። አድራሻው ራሱ አንድ ፈተና ነበር፤ ቅጹ የመንገድ ስምና የፖስታ ኮድ ይላል፣ እኛ ደሴ ውስጥ ቤታችንን ለእንግዳ የምናመለክተው ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ ባለው ቅያስ እያልን ነው። ክፍለ ከተማውን፣ ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን በመታወቂያዬ ላይ እንዳለው በላቲን ፊደል ጻፍኩ፤ ተቀባይነትም አገኘ።

ዩቲዩብ ከዚህ ደረጃ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ ይላል። እኔም አማከርኩ። የማውቀው ጠበቃ በውርስና በይዞታ ክርክር ስሙ የተጠራ ሰው ነው፤ የካሊፎርኒያውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ መነጽሩን አውልቆ አየኝና «ይህን የሚፈርም ጤነኛ ሰው ነው?» አለኝ። ምክሩን አልተቀበልኩም። በእኔ አስተያየት ምስሉም ድምፁም የራሱ የሆነ፣ ዜማውም ነባር የሆነ፣ የተጫዋቹ ፈቃድ በእጁ ያለ ሰው መፈርም አለበት፤ ከሳሹ ቪዲዮው ወርዶ እንዲቀር ከፈለገ በ10 የአሜሪካ የሥራ ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረቱን ማሳየት አለበት፤ በሩቅ ሆኖ አምባሰል የእኔ ነው የሚል ድርጅት ለአንድ የማሲንቆ ቪዲዮ ጠበቃ ቀጥሮ ፍርድ ቤት ይቆማል ብዬ አላምንም ነበር። በቪዲዮው ውስጥ ከሰው የተወሰደ አንዲት ሰከንድ እንኳ ካለች ግን ያለ በቂ የሕግ ምክር አትፈርሙ፤ ለቅኝቶቹ ቪዲዮዬ እዚህ ደረጃ ብደርስ ኖሮ እኔም አልፈርምም ነበር።

ድርጅቱ አልከሰሰም። ቀኖቹ ሲያልቁ ቪዲዮው ከነዶሮዋ ተመለሰ፣ ስትራይኩም ተነሣ። ይቅርታም ሆነ ማብራሪያ አልተላከልኝም።

በየመመሪያው ላይ የማይገኙ ጥቂት ነገሮች ልበል። ዩቲዩብ ክሌም የመጣበትን ክፍል እንድትቆርጡት ወይም ሙዚቃውን እንድታጠፉት መሣሪያ ያቀርብላችኋል፤ ለልደት ቪዲዮ ጥሩ ነው፣ ለማሲንቆ ቪዲዮ ግን ሙዚቃው ከጠፋ የሚቀረው አንድ አዛውንት እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ነው። ከአንድ በላይ ክሌም ካለባችሁ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይግባኝ አትበሉ፤ ሁሉም ወደ ስትራይክ ቢቀየሩ በ90 ቀን ውስጥ ቻናላችሁን ልታጡ ትችላላችሁ፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላውን አትክፈቱ። ከማስታወቂያ ገቢ የምታገኙ ከሆነ ደግሞ ክሌሙ በመጣ በ5 ቀን ውስጥ ተከራከሩ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተከራከራችሁ ገቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይያዝላችኋል፣ ከዘገያችሁ ግን የሚያዘው ከተከራከራችሁበት ቀን ጀምሮ ያለው ብቻ ነው። ኔትወርክ እንደልብ በማይገኝበት በእኛ አካባቢ 5 ቀን ሳይታወቅ ያልፋል፤ ስለዚህ የክርክሩን ጽሑፍ ቪዲዮው ከመጫኑ በፊት አዘጋጅታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ያልተቆረጠውን ዋና ቀረጻም አታጥፉ።

ያው ድርጅት በቅርቡ ሌላ የአምባሰል ቪዲዮዬ ላይ በዚያው ዜማ ስም ክሌም ልኳል። የፊተኛውን ጽሑፍ ደቂቃዎቹን ብቻ ቀይሬ በዕለቱ አስገብቻለሁ፤ 30 ቀኑ እየተቆጠረ ነው።