ምላጩ አንዴ ሲሳብ

የመጀመሪያውን ክርክር የተሸነፍኩት ገና ሁለት ደቂቃ ሳልናገር ነው።

የክርክሩ ሐሳብ «ገደብ የተጣለባቸው የጦር መሣሪያዎች በግለሰብ እጅ መገኘት የለባቸውም» የሚል ነበር። እኔ ደግፌ ነው የቆምኩት። ሦስት ሳምንት ተዘጋጅቼበታለሁ። የሟቾች ቁጥር፣ የአገሮች ተሞክሮ፣ ልብ የሚነካ መግቢያ፣ ሁሉም ወረቀቴ ላይ አለ። ተነሥቼ «እነዚህ አውቶማቲክ ጠመንጃዎች» ብዬ ስጀምር ከተቃራኒው ወገን አንድ ሰው እጃቸውን አወጡ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ለረጅም ዘመን በኢላማ ተኩስ ሲወዳደሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ይከልከል የምትለው ጠመንጃ ምላጩ አንዴ ሲሳብ ስንት ጥይት ይተኩሳል?»

መልሱን አላውቀውም ነበር። «ብዙ» አልኩ። መሣሪያ የሚያውቁት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ማንም ከልቡ አልሰማውም። ቁጥሮቼ ትክክል ነበሩ፤ መግቢያዬም አሪፍ ነበር። ግን ሊከለከል ይገባል የምለውን ነገር ራሱን እንደማላውቀው ታወቀ፤ በቃ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ያነበብኩት የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው። አውቶማቲክ የሚባለው መሣሪያ ምላጩ ተስቦ እስከተያዘ ድረስ ያለማቋረጥ ይተኩሳል። ከፊል አውቶማቲክ ግን ምላጩ አንዴ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል። ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል፣ ለመተኮስ ግን ምላጩ ተለቅቆ እንደገና መሳብ አለበት። እኔ አዳራሹ ውስጥ የጠራኋቸው ግድያዎች አብዛኞቹ የተፈጸሙት በሁለተኛው ዓይነት ነው። አውቶማቲኩ በአሜሪካ እንኳ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከ1986 በኋላ የተሠራ አዲስ አውቶማቲክ ደግሞ ለተራ ሰው አይሸጥም። ማለትም እኔ «ይከልከል» እያልኩ የጮኽኩት በዋናነት ቀድሞ የተዘጋውን በር ነበር።

ለቀጣዩ ክርክር የዝግጅቴን ቅደም ተከተል ገለበጥኩት። ከሟቾች ቁጥር መጀመር ትቼ ከትርጓሜ አንቀጽ ጀመርኩ። የሕግ ሰነድ ሲከፈት መጀመሪያ ላይ «በዚህ አዋጅ ውስጥ» ብሎ ቃላትን የሚፈታ አሰልቺ የሚመስል ክፍል አለ። አብዛኛው ሰው ዘሎት ያልፋል። እኔም እዘለው ነበር። አሁን ግን የጦር መሣሪያ ሕግ ነፍሱ እዚያ ነው ባይ ነኝ።

ካናዳን እንይ። ሕጉ መሣሪያን በሦስት ይመድባል፤ ገደብ የሌለበት፣ ገደብ ያለበት፣ የተከለከለ። ይህ ሲነበብ ቀላል ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ በሚሊሜትር ይለካል። የሽጉጥ አፈሙዝ ርዝመቱ 105 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የተከለከለ ነው። የተወሰኑ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ደግሞ የአፈሙዛቸው ርዝመት ከ470 ሚሊሜትር ካነሰ ገደብ ያለበት ምድብ ውስጥ ይገባሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አጭር መሣሪያ ኮት ሥር ይደበቃል። በ2020 አንድ ታጣቂ በኖቫ ስኮሺያ 22 ሰዎችን ከገደለ በኋላ ግን መንግሥት ሌላ መንገድ መረጠ። ወደ 1,500 የሚጠጉ ሞዴሎችን በስም ዘርዝሮ ከለከለ። አየህ ልዩነቱን? አንዱ የሚለካ ነገር ነው፣ ሌላው የስም ዝርዝር። ዝርዝር ለሕዝብ ለማስረዳት ይቀላል። ችግሩ ነገ አዲስ ስም ይዞ የሚመጣውን መሣሪያ አያውቀውም።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ የ1994ቱ የአሜሪካ ሕግ ነው። ከፊል አውቶማቲክ የሆኑ «የማጥቂያ መሣሪያዎችን» ለአሥር ዓመት ከለከለ። ከተከለከሉት ጥቂቶቹ በስም ተጠርተዋል። ሌሎቹ የሚለዩት በምልክት ነበር። ካዝናው (የጥይት መያዣው) የሚወልቅ ጠመንጃ ሆኖ ከተዘረዘሩት ውስጥ ሁለት ነገር ካለው ታግዷል፤ ታጣፊ ሰደፍ፣ እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ እጀታ፣ ሳንጃ ማሰሪያ፣ የእሳት ብልጭታ መሸፈኛ፣ የመሳሰለው። አምራቾቹ ምን አደረጉ? ሳንጃ ማሰሪያውን ነቀሉት፣ ሰደፉ እንዳይታጠፍ አደረጉት፣ ያንኑ ጠመንጃ ሸጡት። የሚተኩሰው ጥይት አልተለወጠም፣ ፍጥነቱም ያው ነው። ከሕጉ በፊት የተገዛው ደግሞ በባለቤቱ እጅ ቀረ። በ2004 የጊዜ ገደቡ አለቀና አልታደሰም።

ይህን በሁለተኛው ክርክር ሳቀርብ እኔ ራሴ የመከልከሉ ደጋፊ ነበርኩ። ጓደኞቼ «የራስህን ወገን ታፈርሳለህ እንዴ?» አሉኝ። እኔ ግን ሕጉ ለምን እንደላላ የማይናገር ሰው የተሻለ ሕግ ልጻፍ ሲል ማን ያምነዋል አልኩ። እንዳሰብኩትም ሆነ። እኚያ ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ስለ ምላጩ የጠየቁኝ ጥያቄ ደግሞ ትልቅ ፍርድ ቤት ሲደርስ አየሁት። በ2017 በላስ ቬጋስ አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት ሆኖ የሙዚቃ ድግስ ላይ ተኮሰ። ጠመንጃዎቹ ላይ «ባምፕ ስቶክ» የሚባል የሰደፍ ዓይነት ገጥሞ ነበር። የጠመንጃው ምት ወደ ኋላ ሲገፋው ዕቃው ያንሸራትተዋል፣ ጣቱ ባለበት ሳይንቀሳቀስ ምላጩ እየመጣ ይመታዋል። ድምፁን ለሰማ ሰው አውቶማቲክ ነው። መንግሥት ዕቃውን በአውቶማቲክ መደብ ውስጥ አስገብቶ ከለከለው። በሰኔ 2024 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ክልከላውን ሻረው። ለምን? በሕጉ ላይ የተጻፈው «በአንድ የምላጭ እንቅስቃሴ» ስለሚል ነው። በዚህ ዕቃ ምላጩ ለእያንዳንዱ ጥይት እንደገና ይንቀሳቀሳል። ሦስቱ ዳኞች የተኳሹን ጣት አዩ፣ ስድስቱ የምላጩን ብረት አዩ። በ1934 የተጻፈ አንድ ሐረግ ነው በስንት ሰው ሕይወት ጉዳይ የወሰነው። እውነቱን ለመናገር ያንን ፍርድ ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ።

ከዚያ አዘጋጆቹ ወገን እንድቀይር አደረጉኝ። «አሁን ግለሰብ እንዲይዝ ይፈቀድ ብለህ ተከራከር» አሉኝ። አልወደድኩትም። ግን እስከዛሬ ካደረግኩት ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

በዚያኛው ወገን ስቆም ገና የገባኝ ነገር አለ። ሁለቱ ወገኖች የሚነሡት ከተለያየ ቦታ ነው። በአውስትራሊያ መሣሪያ መያዝ በፈቃድ የሚገኝ ነገር ነው። ጠያቂው ለምን እንደሚፈልገው በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት፣ አደን፣ ስፖርት፣ የእርሻ ሥራ። «ራሴን ልከላከልበት» የሚለው እንደ ምክንያት አይቆጠርም። በአሜሪካ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሽጉጥን ቤት ውስጥ ራስን ለመከላከል መያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው አለ። እዚያው ውሳኔ ላይ መብቱ ገደብ የለሽ እንዳልሆነም ተጽፏል። እንግዲህ አንዱ አገር ዜጋውን «ለምን ፈለግከው?» ይላል። ሌላው ደግሞ መንግሥትን «ለምን ትከለክለዋለህ?» ይላል። ማስረጃውን ማን ያምጣ የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ የሚደረግ ክርክር ሁለት ሰው በሁለት ስልክ እንደሚያወራው ነው። አሁን ስጀምር «እናንተ ከየትኛው ነው የምትነሡት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ግማሹ ጠብ እዚያ ላይ ይበርዳል።

አውስትራሊያን ካነሣሁ አይቀር፣ እሷ ዋና ማስረጃዬ ነበረች። ሚያዝያ 1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች ተገደሉ። በ12 ቀን ውስጥ ፌዴራል መንግሥቱና ክልሎቹ ተስማሙ። ከ600,000 በላይ መሣሪያ ተገዝቶ ተሰበሰበና ተደመሰሰ። ይህን ስናገር ሁሌም ይጨበጨብልኝ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዲት ወጣት የሕግ ተማሪ ተነሥታ «በአውስትራሊያ በመሣሪያ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከ1996 በፊትም እየቀነሰ አልነበረም ወይ?» አለችኝ። እየቀነሰ ነበር። ከቅነሳው ምን ያህሉ የሕጉ ውጤት ነው በሚለው ላይ ተመራማሪዎች እስከዛሬ ይከራከራሉ። አውቄው ነበር፣ ግን ዘልዬው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አውስትራሊያ ሳወራ ይህንን እኔው ራሴ ቀድሜ እናገረዋለሁ። ሌላው ሰው ከሚያነሣብኝ እኔ ባነሣው ይሻላል ብዬ ብቻ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ወገን ቀይሬ የተከራከርኩበት ምሽት ጎበዝ ነበርኩ። ስዊዘርላንድን አነሣሁ፤ ወታደሮቿ መሣሪያቸውን ቤት ይዘው የሚሄዱባት አገር ናት። ሕዝቡ በ2019 በድምፁ ሕጉን ያጠበቀው መሆኑንም አልደበቅኩም፣ 64 በመቶ የሚሆነው ደግፎታል። ኃላፊነት ያለበት፣ የሠለጠነ፣ የተመዘገበ ባለቤት አደጋ አይደለም ብዬ ጨረስኩ። ተጨበጨበ።

ጥያቄና መልስ ላይ አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር ተነሡ። ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ወንድሜ ፈቃድ ነበረው» አሉ። «ሥልጠና ወስዷል። ተመዝግቧል። አንተ የዘረዘርከውን ሁሉ ያሟላ ሰው ነበር። ሽጉጡን ማንም ላይ አላነሣውም፣ ራሱ ላይ እንጂ።»

ተቀመጡ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚንቀሳቀስ ድምፅ እንኳ አልነበረም። እኔ መድረኩ ላይ ወረቀቴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። መልስ ስላልነበረኝ «ይቅርታ እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብዬ ወረድኩ።

በአሜሪካ በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ቁጥሩን አውቀው ነበር። በአንዱም ንግግሬ ውስጥ ግን አልነበረም፤ ምክንያቱም ለሁለቱም ወገን አይመችም። ከልካዩ ስለ ጅምላ ግድያ ማውራት ይፈልጋል፣ ፈቃጁ ስለ ወንጀለኛ። ቤቱ ውስጥ በጸጥታ የሚሞተው ሰው ጠበቃ የለውም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። ማን ይያዝ፣ ምን ይያዝ ብቻ ሳይሆን፣ መሣሪያው ማታ የት ያድራል? ጥይቱስ? ቁልፉስ ማን ጋ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ጭብጨባ አያመጡም። ግን ሁለቱም ወገን ተቀምጦ የሚሰማቸው እነሱን ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ጠመንጃ የሚወደው ሰው ስለ አያያዝ ከእኔ ይልቅ ያውቃል፣ ሲጠየቅም ደስ ይለዋል።

በመጨረሻው ዙር አዘጋጆቹ ክርክሩን ትተው ሥራ ሰጡን። ከሁለቱ ወገን አንድ አንድ ሰው ተጣምሮ አንድ አንቀጽ ይጻፍ ተባለ። እኔ የደረሰኝ ስለ አቀማመጥ ነው፣ አጣማሪዬ ደግሞ እኚያው ሽማግሌ። አሁን ጋሼ እላቸዋለሁ።

ሦስት ምሽት ፈጀብን። እኔ «መሣሪያው በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉና «ቁም ሣጥን የተቆለፈ ቦታ ነው?» አሉኝ። ነው። «ልጅ በቢላ ይከፍተዋል?» ይከፍተዋል። ሰረዝነው። «ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በታሰረ የብረት ሣጥን» ሆነ፤ ጥይቱም በሌላ መቆለፊያ ለብቻው ይቀመጣል።

ቀጥሎ የሴትየዋን ወንድም አነሣሁ። ቁልፉ የራሱ የሆነ ሰው ምን ይደረግ? ብዙ ዝም አልን። ጋሼ ናቸው ያመጡት። የተጨነቀ ሰው መሣሪያውን ለጊዜው ለሚያምነው ባለፈቃድ ወይም ለፖሊስ በአደራ የሚሰጥበት መንገድ ይኑር፣ በመስጠቱ ግን ፈቃዱን አይጣ አሉ። «ይወስዱብኛል ብሎ ከፈራ አይሰጥም። እኔም ብሆን አልሰጥም» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ይህንን የመሰለ ነገር መሣሪያ ይዤ ከማላውቀው ከእኔ አይመጣም ነበር።

አሁን የቀረን መመለሻው ነው። ጋሼ ባለቤቱ በጠየቀ በሠላሳ ቀን ይመለስለት ይላሉ። እኔ የሐኪም ቃል ይጨመርበት እላለሁ። እሳቸው ሐኪም ከተጨመረ ማንም አደራ አይሰጥም ባይ ናቸው። ትናንት ማታ በስልክ አንድ ሰዓት ተከራክረንበት አልተስማማንም። ረቂቁ ላይ የቀኑ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው።